ቀይ ክር የታሰረባት መርፌ

የፑሩስ ወንዝ ሞልቶ የወደቡን ደረጃ በዋጠበት ሳምንት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማ በመርከብ የተላከልኝን ጠመኔና ደብተር ልቀበል ወደ ቦኣ ኦራ ወደብ ወረድኩ። መርከቡ እንደ ልማዱ ዘግይቷል። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ዶና ዠኔሮዛ ብቻቸውን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ አንዲት የብስኩት ጣሳ ይዘዋል። የጆሮ መብሻ መርፌዎቻቸውን የሚያኖሩባት ናት።

ዶና ዠኔሮዛ የመንደራችን አዋላጅ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። እኔ ፊደል ያስቆጠርኳቸውን ልጆች ሁሉ ከእኔ ቀድመው የተቀበሏቸው እሳቸው ናቸው። ሴት ልጄን ክርስትና ስላነሱልኝም አበልጅ ነን።

«አበልጄ፣ ቁጭ በል። አንተ ስለቆምክ መርከቡ አይፈጥንም» አሉኝ።

ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው። በታንኳ የሚያሻግራቸው ሰው እየጠበቁ ኖሯል። የልጅ ልጃቸው ሉሲኔቺ ማዶ ወልዳ አርባ ቀን ሞልቷታል፤ እሑድ ቄሱ ሲመጡ ሕፃኗ ትጠመቃለች። ስሟም ኤዲሌውዛ ይባላል፤ ባለፈው የወንዝ ሙላት በሞተችው አያቷ፣ በዶና ዠኔሮዛ ልጅ ስም ማለት ነው። ስሙን ሲጠሩት ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ጣሳዋን ግን ጠበቅ አድርገው ያዟት።

በእኛ መንደር ሴት ልጅ ስትጠመቅ ጆሮዋ ይበሳል። አድጋ ልጅ ስትወልድም፣ ልጁ አርባ ቀን ከቆየላት፣ አንድ ቀዳዳ ይጨመርላታል፤ እንዲህ እያለ በየወሊዱ ይቀጥላል። ሰው የሴቲቱን ጆሮ አይቶ የስንት ልጅ እናት እንደሆነች ያውቃል። መብሻዋ አንዲት መርፌ ነበረች፤ ከዶና ዠኔሮዛ ሴት አያት የወረደች። በእሷ የተበሱ ሴቶች የመርፌ እኅቶች ይባላሉ፤ ሲጣሉ በእሷ ይታረቃሉ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ካሳቫዋን ትነቅልላታለች። ልማዱን እወደው ነበር፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ዛሬም ልጠላው አልቻልኩም።

ከዚያ ዓርብ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ የጤና ሰዎች ደማችንን ሊመረምሩ መጥተው ነበር። እኛ «ቢጫው» የምንለው የጉበት በሽታ፣ እነሱ ሄፓታይተስ ቢ የሚሉት፣ በዚህ ወንዝ ዳር ብዙ ቤት ዘግቷል። ከመንደራችን አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አንዳች ሳይሰማቸው፣ ሳያማቸው፣ ቫይረሱን በደማቸው ይዘው ተገኙ። ጤነኛ ተሸካሚ ይሏቸዋል። ኤዲሌውዛና የመጀመሪያ ልጇ ሉሲኔቺ ከእነዚያ መካከል ነበሩ። ምላጭም ሆነ የጥርስ ብሩሽ፣ መርፌም ሆነ ማንኛውም ደም የሚነካው ነገር ከሰው ጋር እንዳይጋሩ ተመከሩና የጤና ሰዎቹ ሄዱ።

በማግስቱ ዶና ዠኔሮዛ ቤቴ መጥተው አለቀሱ። መርፌዋን ከምተው ይህቺ እጄ ብትቆረጥ ይሻለኛል አሉ። እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ መላ አጣሁ ማለት አይሆንልኝም። ሁለት መርፌ ያድርጉ አልኳቸው፤ አንዷ ለንጹሖቹ፣ አንዷ ለተሸካሚዎቹ። አንዴ የያዘውን ሰው ያው በሽታ መልሶ ስለማይይዘው ተሸካሚዎቹ እርስ በርሳቸው ቢጋሩ ምንም አይሆኑም ብዬ አስረዳኋቸው። ከባለቤቴ የስፌት ቅርጫት ቀይ ክር አወጣሁና በአሮጌዋ መርፌ ዓይን አሳልፌ በገዛ እጄ ቋጠርኩት፤ እሷ ለተሸካሚዎቹ «ቀይዋ» ስትሆን፣ ክር የሌላት አዲሷ ለንጹሖቹ «ነጯ» ተባለች። ይህን ምክር ከሐኪም አልሰማሁም፣ ከመጽሐፍም አላነበብኩም፤ ከራሴ ነው ያፈለቅኩት። ዕለቱን ሙሉ ብልህነቴ ደስ ሲለኝ ዋለ።

መርከቡ በመጨረሻ ሲመጣ ዝናቡን አስከትሎ መጣ። ከመርከቡ ዣኒልዳ ወረደች። ዣኒልዳ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ አሁን የጤና ጣቢያችን ነርስ ሆናለች። ቦርሳዋን ከዝናቡ ሸፍና ወደ ጥላው እየሮጠች ገባችና ጎንበስ ብላ የዶና ዠኔሮዛን እጅ ሳመች።

«ይመርቁኝ፣ እማማ።»

«እግዜር ይመርቅሽ ልጄ። ምነው ከሳሽ? ከተማ ዓሣ የለም እንዴ?»

«ዓሣውማ አለ፤ ጊዜው ነው የሌለው።»

ዝናቡ ማዶውን ጋረደው። በዚያ ውኃ ላይ ታንኳ የሚያወጣ ጤነኛ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሦስታችንም እዚያው ቀረን። ዣኒልዳ ጣሳዋን አየች።

«እማማ፣ ይህቺን ይዘው ወዴት ነው?»

«ወዴት ይሆናል? ለሉሲኔቺ አንድ፣ ለትንሿ ሁለት። ነገ ጠዋት ሦስቱንም ጨርሼ ዓሣዬን እበላለሁ።»

«በየትኛዋ መርፌ?»

«በቀይዋ ነዋ። እናቷ ቀይ አይደለች? የቀይ ልጅ ቀይ ናት።»

ዣኒልዳ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። የክሩን ነገር ታውቃለች፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ መንደሩም ትንሽ ነው። እኔ ወንዙን አየሁ።

ልጅቷ ቁጣ አታውቅም። ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ሕፃኗ በተወለደች ዕለት ዣኒልዳ ራሷ በታንኳ ተሻግራ ክትባቷን ወግታታለች፤ ተሸካሚ እናት የወለደችው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ከተከተበና ቀሪዎቹን ክትባቶች ከተከታተለ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው አይይዘውም። ትንሿ ንጹሕ መሆኗ የሚታወቀው ክትባቷን ስትጨርስ በሚደረግላት ምርመራ ነው። እስከዚያ ከእናቷ ጆሮ የወጣችን መርፌ በእሷ ጆሮ መክተት ግን የተዘጋን በር በገዛ እጅ መክፈት ነው አለቻቸው።

ዶና ዠኔሮዛ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ግትር ሴት አልነበሩም፤ ያልገባቸውን ብቻ ነው የሚከራከሩት።

«እሺ፣ ልክ ነሽ። ለትንሿ ነጯን እወስዳለሁ» አሉ። «ለሉሲኔቺ ግን ቀይዋ ናት።»

«ለሉሲኔቺም አይሆንም፣ እማማ።»

«ለምን? ይዟታል እኮ። ዝናብ ላይ በቆመ ሰው ላይ አንድ ጣሳ ውኃ ብትደፊበት ምን ይሆናል? እሱ እንደሁ ረጥቧል።»

«ውኃ ሁሉ አንድ ነው። ቢጫው ግን አንድ አይደለም።»

ዶና ዠኔሮዛ ወደ እኔ ዞር አሉ። ያን ሁሉ ዓመት የያዙት የእኔን ቃል ስለነበር ይህን ክርክር የምጨርስላቸው እኔ መሆን ነበረብኝ። አንገቴን ደፋሁ።

«እርሻዎ ላይ ስንት ዓይነት ካሳቫ አለ?» አለች ዣኒልዳ።

«ሁለት። ቀቅለን የምንበላው ጣፋጩና ለዱቄት የሚሆነው መራራው።»

«በቅጠላቸው ይለያሉ?»

«እኔ እለያቸዋለሁ። አንቺ ብትሞክሪው ግን መራራውን ቀቅለሽ ትሞቻለሽ።»

«ጣፋጩ ቀድሞ ስለተተከለ መራራው እዚያው መሬት ላይ አይበቅልም?»

«ምን ከልክሎት?»

«የሰው ጉበትም እንደዚያ ነው፣ እማማ። የዚህ ቫይረስ ዝርያው ብዙ ነው፤ ሐኪሞች በፊደል ይጠሯቸዋል። አንዱ ከጥንት ጀምሮ ከዚህ ጫካ ሰዎች ጋር የኖረ ነው፤ የእርስዎ የእናትዎ ወገኖች የሚይዙት እሱን ነው። ሌላው የጎማ ወተት ሊያልቡ ከሩቅ ከመጡት ሰዎች ጋር የመጣ ነው። አንዱን የያዘ ሰው ከሌላው ተዘግቷል ማለት አይደለም። ከሌላ ተሸካሚ ደም ከነካው ሁለቱም እዚያው ይኖራሉ። ሰውየው ይሠራል፣ ይበላል፣ ይስቃል፤ ሲያዩት ጤነኛ ነው። አንዳንዴ ግን ዝም ብሎ የኖረው ጉበት በአዲሱ ይቀሰቀሳል።»

«ይህን ማን አየው? ወረቀት ላይ ነው ያነበብሽው?»

«ወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። በእኛው መንደር ሰው ደም ውስጥ ታይቷል።»

ይህን እንዳለች አፏን በእጇ ያዘች። ከከተማ ያመጣችው ፖስታ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ሳታስበው እጇ ወደዚያ ሄደ። ዶና ዠኔሮዛ እጇን ተከትለው አዩ።

«የማን ደም?»

ዣኒልዳ የታካሚ ምስጢር ነው፣ ለሌላ ሰው አይነገርም አለች። ነርስ እንዲህ ማለት ይገባታል፤ ያስተማሯት ይህን ነው። አሮጊቷ ግን ሃምሳ ዓመት የሰው ፊት ሲያነቡ የኖሩ ናቸው።

«በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን ዝም ባልሽ ነበር። የሞተ ሰው ምስጢር ለእናቱ ይነገራል ልጄ። ንገሪኝ።»

ልጅቷ አለቀሰች። እያለቀሰችም ነገረቻቸው። ከስድስት ዓመት በፊት የተቀዳው የኤዲሌውዛ ደም በከተማ በበረዶ ተቀምጦ ቆይቷል፤ በውስጡ የተገኘው የጫካው ዝርያ ብቻ ነው። በሞተችበት ሰሞን በሆስፒታል የተቀዳው ግን ሁለቱንም ይዟል። ሁለተኛው የገባው በመካከሉ ነው።

ዶና ዠኔሮዛ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ። ያዋለዱትን ልጅ ሁሉ፣ የበሱትን ጆሮ ሁሉ፣ ቀኑን ከነ አየሩ የሚያስታውሱ ሴት ናቸው።

«ለሦስተኛ ልጇ የበሳኋት ቅዳሜ ነው» አሉ። «ሁለት ሴቶች ነበሩ። መጀመሪያ ዳልቫን በሳሁ። የዳልቫ አያቶች ለጎማው ከሩቅ፣ ከሴአራ የመጡ ናቸው። መርፌዋን በአረቄ ጠረግኳት። ከዚያ ልጄን በሳሁ። እየሳቀች ነበር፤ ‹እማዬ፣ እጅሽ ከብዷል፣ አርጅተሻል› አለችኝ።»

ጣታቸውን እንደገና ማጠፍ ቀጠሉ።

«በአምስተኛው ወር ዓይኗ ቢጫ ሆነ። በሰባተኛው ቀበርኳት።»

«እማማ፣ የገደላት እሱ ነው ማለት አይቻልም» አለች ዣኒልዳ። «ሐኪሞቹም እንደዚያ አላሉም። ሁለቱንም ይዘው በሰላም የሚኖሩ አሉ። አንዱን ብቻ ይዘው የሚሞቱም አሉ።»

«አልገደላትም ማለትስ ይቻላል?»

ዣኒልዳ እንባዋን ጠረገች።

«አይቻልም።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር ይጠብቃል፤ እኔም ከራሴ እጠብቅ ነበር። ክሩን ያሰረው አጠገባቸው ተቀምጧል። ኤዲሌውዛን ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ በቀብሯ ዕለት የሬሳ ሳጥኗን ከተሸከሙት አንዱም እኔ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣውም ቃል «ዣኒልዳ፣ ጠመኔዬን መርከቡ አምጥቶት ይሆን?» የሚል ነበር።

ዶና ዠኔሮዛ ጣሳዋን ከፍተው ቀይ ክር ያለባትን መርፌ አወጡ። ክሩን ሊፈቱት ሞከሩ፤ ጥፍራቸው አልያዘላቸውም። እንደገና ሞከሩ።

«አበልጄ፣ ቋጠሮህ ጠንካራ ነው» አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አንድም ቃል አልጨመሩም። መርፌዋን ከነክሯ ለዣኒልዳ ሰጧት፤ እሷም ያገለገለ መርፌ ወደምትጥልበት ወፍራም ካርቶን ከተተቻት።

«እንግዲህ ማን ሊበሳ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ድምፃቸው ደክሟል።

«እርስዎ እንጂ ማን ይበሳል? እያንዳንዷ ሴት የታሸገ መርፌ ከጤና ጣቢያው ትወስዳለች፤ ዓይኗ እያየ ይከፈታል፣ ለእሷ ብቻ ያገለግላል፣ ይጣላል። ተሸካሚም ትሁን ንጹሕ ልዩነት የለውም።»

«እኅትነታቸውስ? የአንድ መርፌ ልጆች አይደሉም እንዴ?»

«የአንድ እጅ ልጆች ይሁኑ፣ እማማ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩት። «ይህ እጅ» አሉ፤ አልጨረሱትም። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ማዶ አልተሻገሩም። እኔና ዣኒልዳ ደግፈን ወደ ቤታቸው አደረስናቸው።

እሑድ ትንሿ ኤዲሌውዛ ተጠመቀች፤ ጆሮዋ ግን አልተበሳም። ለእናቷም አዲስ ቀዳዳ አልተጨመረላትም። ሴቶቹ ከኋላ ማጉረምረም ጀመሩ፤ አንዷ ዶና ዠኔሮዛ ከገዛ ልጃቸው ልጅ ጋር ተጣልተዋል አለች፤ ሌላዋ ማየት ተስኗቸዋል አለች። ዳልቫ ከሁሉም መሐል ተቀምጣ ነበር። ቄሱ ቡራኬውን ሲጨርሱ ዶና ዠኔሮዛ ተነሡ።

«ልጄን በሁለት ዓይነት ቢጫ ያስያዝኳት እኔ ነኝ» አሉ። «የያዘው ሰው ከያዘው ሰው ጋር ቢጋራ ምንም አይደለም ብዬ ነበር። ስሕተት ነው። ጤነኛ የሚመስለው ሰው ደም ውስጥ የሌላው ሰው ዝርያ ሊጨመርበት ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ ምላጭም መርፌም የየራሳችሁ ነው፤ ባልና ሚስትም ብትሆኑ፣ እናትና ልጅም ብትሆኑ። ቀይ የነበራችሁ ሁሉ ነገ ዣኒልዳ ዘንድ ሂዱና ደማችሁን እንደገና ስጡ።»

ከኋላ አንድ ሰው ጠየቀ፤ ይህን የቀይና የነጭ ነገር መጀመሪያ ማን አመጣው?

እኔ ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። እሳቸው ወደ እኔ አላዩም።

«እኔው ነኝ። ከራሴ ነው ያመጣሁት» አሉና ተቀመጡ። ሁለተኛው ዝርያ ከማን ደም እንደመጣ ግን አልተናገሩም፤ የዳልቫ ስም ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ከአፋቸው አልወጣም።

በሚቀጥለው ቀን ቤታቸው ሄጄ ለምን እንደዚያ እንዳሉ ጠየቅኳቸው። ካሳቫ እየላጡ ነበር፤ ቢላዋውን አላቆሙም።

«ሰዎቹ ልጆቻችሁን ለክትባት አምጡ ሲባሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንተን ነው» አሉኝ። «ትናንት አንተ ብትወድቅ ማንን ይሰሙ ነበር? እኔ አሮጊት ነኝ፤ ብሳሳት ማንንም አይደንቅም። ደግሞም የምቀጣውን ተቀጥቻለሁ። ሕፃናቱ ሁሉ ክትባታቸውን ጨርሰው ትንሿም ተመርምራ ውጤቷ ሲመጣ ያኔ ተነሥተህ ትናገራለህ። እስከዚያ ድረስ ክሩ የእኔ ነው።»

ተመክሮ መመለስ ምን እንደሚጠቅም በቦኣ ኦራ የታየው ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ልጆች ተወልደዋል፤ ሁሉም በተወለዱበት ዕለት ተከትበዋል፣ ከእነሱም መካከል እስካሁን ቢጫው የታየበት የለም። ተሸካሚዎቹ በየስድስት ወሩ ጉበታቸውን ያስመረምራሉ። ዳልቫ ጉበቷ መጎዳት ሲጀምር ገና በጊዜ ስለተደረሰባት በየቀኑ አንድ ክኒን ትውጣለች፤ ባለፈው ወር አራተኛ ቀዳዳዋን ተበስታለች፣ በታሸገ መርፌ። ሴቶቹም ዛሬ የእጅ እኅቶች ይባላሉ። ሉሲኔቺ አዋላጅነቱን ከዣኒልዳ እየተማረች ነው።

የትንሿ ኤዲሌውዛ ውጤት ያለፈው ማክሰኞ መጣ፤ ንጹሕ ናት። ዣኒልዳ ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች ትምህርት ቤት መጣች፤ መጀመሪያ ልንነግራቸው የሚገቡት ሴት ግን አልነበሩም። ዶና ዠኔሮዛ ውጤቱ ሊመጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በመረብ አልጋቸው ላይ እንደተኙ አርፈዋል።

ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። በመጪው እሑድ ያንኑ ቤተ ጸሎት ገብቼ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ሳልቀመጥ፣ ፊት ለፊት ቆሜ አነበዋለሁ፤ እሳቸው በዚያ ቤት ያልጠሩትን ስም ግን እኔም አልጠራውም። ዳልቫም ትሰማለች፣ ሉሲኔቺም ልጇን አቅፋ ትሰማለች፤ ከዚያ በኋላ የሚሉኝን ይበሉኝ። ዶና ዠኔሮዛ የሰጡኝ ጊዜ አልቋል። ክሩ የእኔ ነው።